በፍልሰታ ጾም ከሙኒክ እስከ ትሪየስቴ፣ ቦርሳ ተሸክመን

ሦስት ጓደኛሞች ነን፣ ጉለሌ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፣ አሁን ግን ሦስታችንም አውሮፓ ተበትነናል። እኔ ሙኒክ ነኝ፣ ማሙሽ ፍራንክፈርት፣ ሲስተር ደግሞ ስቶክሆልም ነርስ ናት፣ ሁላችንም ሲስተር ስለምንላት እዚህም እንደዛው እጠራታለሁ። ማሙሽም ቢሆን የባቡር በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው ነው ግን ሰፈር ውስጥ ማሙሽ ስለተባለ ማሙሽ ሆኖ ቀረ። ስንት ጊዜ "አንድ ላይ እንውጣ" ስንባባል ቆይተን በመጨረሻ የሲስተር የዓመት ፈቃድ ነሐሴ ላይ ሆነ፣ ነሐሴ ማለት ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ እሷ ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ ሳትጾም ያለፈችበት ዓመት የለም።

ሰው ሁሉ ፓሪስ ሂዱ፣ ባርሴሎና ሂዱ፣ አምስተርዳም ሂዱ ነበር የሚለን። እኛ የፈለግነው ግን ባቡሩ ቀስ የሚልበት፣ ሰው ቀና ብሎ የሚያይህ፣ ሰላም ስትለው ሰላም የሚልህ አገር ነው። ስለዚህ ከሙኒክ ተነስተን በሳልዝቡርግ አድርገን ስሎቬኒያ፣ ከዛ ጣልያን ጠረፍ ትሪየስቴ ድረስ ለመውረድ ወሰንን። እውነቱን ለመናገር ምግቡ አስግቶን ነበር፣ ቋሊማና አይብ በሚበላበት አገር ጾመኛ ይዘህ እንዴት ትዞራለህ? የሆነው ግን በተቃራኒው ነው፣ የሰዉን ልብ የከፈተልን ይሄው ጾም ነው። ቀኖቹን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ዓመተ ምህረት ሲመጣ ግን በፈረንጅ ነው።

ነሐሴ 4፣ ሙኒክ – ሳልዝቡርግ

ጀርመን ለምትኖሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሳልዝቡርግ ኦስትሪያ ብትሆንም ባየርን ቲኬት የሚባለው የባየርን ክልል የቀን ትኬት እዛ ድረስ ይሰራል። እስከ አምስት ሰው በአንድ ትኬት ያስኬዳል፣ በስራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው፣ ፈጣኑ ላይ አይሰራም በሪጅናሉ ብቻ ነው፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ከዛ በኋላ ላለው መንገድ በብዙ የአውሮፓ አገር ባቡር የሚያስኬደውን ኢንተርሬይል ፓስ ገዝተናል። ይሄ ፓስ አውሮፓ ውስጥ ለሚኖር ሰው ነው፣ ፓስፖርትህ የኢትዮጵያ ቢሆንም የሚያዩት የምትኖርበትን ቦታ ነው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ግን እሱ የሚገዛው ዩሬይል የሚባለውን ነው።

ሳልዝቡርግን ብዙ አላወራላትም። ከ1077 ጀምሮ የተገነባው ምሽግ ኮረብታው ላይ ጉብ ብሎ ከየትም ይታያል፣ ሞዛርት በ1756 የተወለደበት ቤት ያለበት መንገድ ደግሞ በሰው ተጨናንቆ ቦርሳ ይዘህ ማለፍ አትችልም። እኛ የወደድነው ማታ የሄድንበትን ነው፣ ሙልን የሚባል ሰፈር ውስጥ ከ1621 ጀምሮ መነኮሳት ያቋቋሙት ቢራ ቤት አለ፣ የድንጋይ ማንቆርቆሪያ የመሰለውን ብርጭቆህን ከመደርደሪያ ራስህ ታነሳለህ፣ በምንጩ ውሃ ታለቀልቀዋለህ፣ ከዛ ለቀጂው ትሰጠዋለህ እሱ ከእንጨት በርሜል ይቀዳልሃል። ግቢው ትልልቅ ዛፍ ያለበት ሲሆን ጠረጴዛው ረጅም ስለሆነ ከማታውቀው ሰው ጋር ነው የምትቀመጠው።

እኛ ያረፍነው አንድ ባልና ሚስት አጠገብ ነው፣ ስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ። ማሙሽ ቢራውን ይዟል፣ ሲስተር ውሃ ብቻ። ሴትየዋ ትንሽ አየቻትና "ልጅቷ አትበላም እንዴ? ታማለች?" ብላ እኔን ጠየቀችኝ። የማርያም ጾም ነው፣ ስጋም ወተትም እንቁላልም የለም ብዬ በጀርመንኛ አስረዳኋት። ምንም ሳትመልስልኝ ተነስታ ሄደች፣ እኛም ቅር ያላት መስሎን ዝም አልን። ስትመለስ ጥቁር ዳቦና አንድ ነጭ ራዲሽ ይዛለች፣ ራዲሹ በማሽን እንደ ሽክርክሪት ስስ ሆኖ የተቆረጠ ነው፣ ስትስበው ይረዝማል። በየንብርብሩ መሃል ጨው ነሰነሰችበትና ሲስተርን እጇን ይዛ "ቆይ፣ እስኪያለቅስ ጠብቂ" አለቻት። እውነትም ትንሽ ቆይቶ ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ ማቃጠሉም ለቀቀው። ከዳቦው ጋር እንዴት እንደጣፈጠ! እኔና ማሙሽም ተሻምተን በላን። ባልየው ሁለተኛ ገዝቶ መጣ። እስኪዘጋ ድረስ አብረን ቁጭ አልን፣ ስለ ልጆቻቸው አወሩን፣ እኛም ስለ ጉለሌ አወራናቸው።

ነሐሴ 5፣ ሳልዝቡርግ – ሉብሊያና

ባቡሩ አልፕስን ሰንጥቆ ነው የሚሄደው፣ አራት ሰዓት አለፍ ይላል። በባድ ጋስታይን በኩል ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ማሙሽ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ፣ ከዛ ቪላህ፣ ከዛ ደግሞ ስምንት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው የካራቫንከን ዋሻ ውስጥ ትገባለህ፣ ስትወጣ ስሎቬኒያ ነህ።

ፊት ለፊታችን አንዲት እናት ተቀምጠዋል፣ ልጃቸውን ኦስትሪያ ጠይቀው ወደ አገራቸው የሚመለሱ፣ እግራቸው ስር የፕላስቲክ ባልዲ ሙሉ ፕለም። ጉዞው እንደጀመረ "ብሉ" ብለው ባልዲውን ገፋ አደረጉልን፣ ትንሽ ብቻ ስናነሳ ተቆጥተው እፍኝ ሙሉ ሲስተር ጭን ላይ አፈሰሱት። ፕለም ጾም አይፈታም፣ እሷም ደስ ብሏት በላች።

ድንበሩ አካባቢ ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ፉርጎው ውስጥ ስንት ሰው እያለ ቀጥ ብለው እኛ ጋ መጡና ወረቀት ጠየቁ። ያው የለመድነው ነገር ነው፣ ፓስፖርታችንንም መኖሪያ ፈቃዳችንንም አንድ ላይ ይዘን ነው የምንዞረው፣ ሰጠናቸው። እኚህ እናት ግን ቦርሳቸውን ከፍተው የራሳቸውን መታወቂያ አወጡና ፖሊሱ አፍንጫ ስር ዘረጉት። "የኔንም እይ" አሉት በጀርመንኛ። ፖሊሱ አያስፈልግም አላቸው። "ያስፈልጋል፣ እኔም እኮ ድንበር እየተሻገርኩ ነው" ብለው እጃቸውን አላጠፉም፣ እስኪቀበላቸው ድረስ። ከጀርባችን የነበረ አንድ ወጣትም የሱን አወጣ። ፖሊሶቹ የሁሉንም አይተው ሄዱ፣ እናታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ፕለማቸው ተመለሱ። አውሮፓ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ እንደዚህ ያደረገልኝ ሰው አላየሁም፣ ሲስተር እንባዋ መጥቶ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። ሉብሊያና ስንደርስ ባልዲውን ማሙሽ ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ፌርማታቸው ሸኛቸው።

ነሐሴ 6፣ ሉብሊያና

የምታምር ትንሽ ከተማ ናት፣ በወንዝ መሃል ለመሃል የተከፈለች። ከ2007 ጀምሮ መሃል ከተማው ለመኪና ዝግ ነው፣ ስለዚህ የምትሰማው የእግርና የብስክሌት ድምፅ ነው፣ ሰው ጠረጴዛውን ወንዙ ዳር አውጥቶ ያወራል። ሦስቱ ድልድዮች ጎን ለጎን የቆሙበትን ቦታ ያሳመሩት ዮዤ ፕሌችኒክ የሚባሉት አርክቴክት ናቸው፣ ከተማዋን ስትዞር የሳቸው እጅ ያላረፈበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል፣ ገበያውም፣ የወንዙ ዳርቻም፣ ትልቁ ቤተ መጻህፍትም የሳቸው ነው። የዘንዶ ድልድዩ ደግሞ 1901 የተሰራ ነው፣ አራቱም ጥግ ላይ አረንጓዴ ዘንዶ ክንፉን ዘርግቶ ተቀምጧል። ማሙሽ ቅዱስ ጊዮርጊስ የት ሄደ ብሎ ሲጠይቅ አንድ መንገደኛ ሰምቶት ስሙን ስለለየ ብቻ ቆመና ወደ ቤተ መንግስቱ ኮረብታ ጠቆመን፣ እዛ ላይ ያለው ጸሎት ቤት የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ወጣን፣ ተሳለምን።

ስንመለስ ቦርሳ ከብዶን ጥግ ላይ ቆመን እያለ አንድ አረንጓዴ የኤሌክትሪክ ጋሪ አጠገባችን ቆመ። ካቫሊር ይሉታል፣ መሃል ከተማው ውስጥ ሰውን በነጻ የሚያደርስ ነው፣ በተለይ ለአዛውንትና እቃ ለያዘ ሰው፣ እጅህን ብቻ ታነሳለታለህ። እኛ እጅም አላነሳንም ሹፌሩ ራሱ ነው ያዘነልን። ሂሳብ ስንለው ሳቀ።

ነሐሴ 7፣ ብሌድ

ብሌድን በፎቶ ሁሉም ሰው አይቷታል፣ ሐይቁ፣ መሃል ላይ ደሴት፣ ደሴቷ ላይ ነጭ ቤተክርስቲያን። የቤተክርስቲያኑ ስም ግን ማንም አልነገረን ነበር፣ እዛው ሐይቁ ዳር ሰሌዳው ላይ ነው ያነበብነው፣ የማርያም እርገት። በኛ አነጋገር የፍልሰታ ቤተክርስቲያን ማለት ነው! ሲስተር በቃ ሌላ ነገር አልሰማ አለች፣ አሁኑኑ እንሻገር።

ፕሌትና የሚባል ታንኳ አለ ቀዛፊው ቆሞ የሚቀዝፈው፣ ስራው ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ነው። እኛን የወሰደን ቀዛፊ ሐይቁ መሃል ላይ ሲደርስ ሲስተር ነጠላዋን ከቦርሳ አውጥታ ስታጣፋ አይቶ መቅዘፉን አቆመና ጠየቃት። እሷም በእንግሊዝኛ፣ እኛ አገርም ሐይቅ መሃል ደሴት ላይ ገዳማት አሉ፣ ጣና ይባላል፣ መነኮሳቱ በታንኳ ነው የሚሻገሩት አለችው። "ታንኳው ከምንድን ነው የሚሰራው?" አላት፣ ያው ሙያው አይደል። ደንገል ምን እንደሆነ ማሙሽ በእጁ እያሳየ ሲያስረዳው ሰውየው የምር ተገርሞ "ከሳር?" እያለ ደጋግሞ ጠየቀ፣ ስንት ሰው እንደሚጭን፣ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚደረግ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎችም ማዳመጥ ጀመሩ።

ደሴቷ ላይ 99 የድንጋይ ደረጃ አለ፣ ሙሽራ ሚስቱን ተሸክሞ እሱን መውጣት አለበት ይባላል። ውስጥ ያለው ደወል ከ1534 ጀምሮ ያለ ነው፣ ገመዱን ስበህ ስለት ትሳላለህ። ሰዉ እየተሳሳቀ ነው የሚስበው፣ ሲስተር ግን ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ስዕሉ ፊት ቆማ ውዳሴ ማርያም ደገመች፣ እኔና ማሙሽም ከኋላዋ። ጠባቂዋ ሴት ግር ብሏት መጥታ ነበር ግን ነገሩ ሲገባት ራሷ አማተበችና የሚጋፋውን ሰው ወደ ጎን አደረገችልን። ስንወጣ ማሙሽ ከ1953 ጀምሮ ብሌድ የምትታወቅበትን የክሬም ኬክ በላ፣ እሱ ጾመኛ አይደለም፣ ሲስተርም አልተቀየመችውም።

ብሌድ ማደሪያው ውድ ስለሆነ ቤት የያዝነው ቦሂን ነው፣ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ተራራው ገባ ብሎ። የማታው አውቶቡስ ሲመጣ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል፣ ከነቦርሳችሁ አይሆንም ተብለን ቀረን። እየመሸ ነው። ትንሽ እንደቆምን አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አልፋን ሄዳ ቆመች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው፣ ጢማቸው ነጭ። "ቦሂን?" አሉ። አዎ። "ግቡ"። ሲስተር ጋቢና ገባች፣ ቦርሳዎቹ ከኋላ ባዶ የእንጨት ሳጥኖች መሃል ተጠቀጠቁ፣ እኔና ማሙሽ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተጣጥፈን ተቀመጥን። ሳጥኖቹ ምንድን ናቸው ስላቸው "የንብ ቀፎ" አሉኝ፣ ማሙሽ ይሄን ስተረጉምለት ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አያቱ ጎጃም ንብ ነበራቸው፣ ክረምት ክረምት እየሄደ ያደገው እዛ ነው። መንገዱን ሙሉ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ሁለቱ ስለ ንብ ብቻ አወሩ። በር ላይ አድርሰውን "ነገ ጠዋት ኑ፣ ከድልድዩ ማዶ ቀለም የተቀባው የንብ ቤት የኔ ነው" ብለውን ሄዱ።

ነሐሴ 8፣ ቦሂን፣ የንቦቹ ቀን

ስሎቬኒያ ውስጥ ንብ ማነብ እንዲሁ የጎን ስራ አይደለም። ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ ነው ያለው፣ ከዛ ውስጥ ከ10,000 በላይ ንብ አናቢ አለ። በ1734 የተወለደው አንቶን ያንሻ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ንግስት ማሪያ ቴሬዛ ቪየና ውስጥ የንብ ማነብ አስተማሪ ያደረገችው፣ የዓለም የንብ ቀን ግንቦት 12 ማለትም ሜይ 20 የሆነው በሱ ልደት ምክንያት ነው፣ ስሎቬኒያ ጠይቃ የተባበሩት መንግስታት በ2017 አጸደቀው። ይሄን ሁሉ አባባ ናቸው ያጫወቱን፣ ስለ ጎረቤታቸው እንደሚያወሩ ነው የሚያወሩት።

የንብ ቤቱ ከእንጨት የተሰራ ትንሽ ጎጆ ነው፣ ፊቱ ላይ ቀፎዎቹ እንደ መሳቢያ ተደርድረው እያንዳንዱ ግንባር የተለያየ ቀለም ተቀብቷል፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ንቧ ቤቷን እንዳትስት። አንዳንዱ ላይ ስዕል አለ፣ ጻድቁ ኢዮብ፣ አዳምና ሔዋን፣ አንዱ ደግሞ አዳኝ ሞቶ አውሬዎቹ ሬሳውን ተሸክመው ሲቀብሩት። ይሄኛውን ማሙሽ ቆሞ አይቶ ሊጠግበው አልቻለም።

አባባ ወደ ኋላ በር ወሰዱን። እዚህ ቀፎው የሚከፈተው ከጀርባ ነው፣ እንደ ቁምሳጥን፣ ንቦቹ በፊት ወጥተው ይገባሉ አንተ ከኋላ ሆነህ ትሰራለህ። ጓንት የለም፣ መረብ የለም። ትንሽ ጭስ እፍ አሉበትና አንዱን ሰሌዳ በሁለት ጣታቸው ስበው አወጡት፣ ሙሉ ንብ፣ እንደ ፈላ ነገር የሚርመሰመስ። የነሱ ንብ ግራጫ ናት፣ ካርኒዮላን ይሏታል፣ በትዕግስቷ ነው የምትታወቀው። "የናንተስ?" አሉ። ማሙሽ የኛ ቁጡ ናት አለ፣ ማር የሚቆረጠው በማታ ነው፣ ቀፎው ከሸምበቆ ተሰርቶ በእበት ይለቀለቃል፣ ንቡ እንዲገባ በጭስ ይታጠናል፣ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። አባባ ሰሌዳውን እንደያዙ ማዳመጥ ነው። በምን እንጨት ነው የምታጥኑት፣ ቀፎው እንዴት ነው ከዛፍ የሚወርደው፣ ማሩን ስታወጡ ንግስቷ ምን ትሆናለች? ማሙሽ የመለሰውን መለሰ፣ ያላወቀውን እዛው ቆሞ ጎጃም አጎቱ ጋ ደወለ! ኔትወርኩ ሠራ፣ አጎቱ አነሱ፣ እና እኔ መሃል ሆኜ ከጎጃምኛ ወደ ጀርመንኛ፣ ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ፣ ሁለት አረጋውያን ንብ አናቢዎች በስልክ ሲያወሩ ምሳ ሰዓት ደረሰ። አጎትየው "ዘንድሮ አበባው እንዴት ነው በላቸው?" አሉ። አባባ ፊታቸው በራ፣ "ሊንደን ዛፉ ጥሩ ነበር፣ ጫካው ግን አልሰጠም" አሉ። እኔ ይሄን ስተረጉም እንዴት ደስ እንዳለኝ መናገር አልችልም።

ከዛ ማር ቀመስን። የሊንደን ማር ቀለል ያለ ነው፣ ትንሽ ሚንት ሚንት የሚል። የጫካው ጥቁር ነው፣ ከአበባ ሳይሆን ከጥዱ ላይ ካለው ጣፋጭ ጠል ነው የሚመጣው። ቼስትነት ከሚባለው ዛፍ የሚመጣው ማር ደግሞ መራራ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ እኔ እሱን ነው የወደድኩት። ሲስተር ሰዓቷ እስኪደርስ ጠብቃ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዳቦ በላች፣ አባባም እሷ ካልበላች እኔም አልበላም ብለው ዳቦውን ሳይነኩ አብረዋት ጠበቁ። ጠጅ ስንነግራቸው ማርና ውሃው ገባቸው ጌሾው ግን ግራ አጋባቸው። ቅጠል ነው? እንጨት ነው? ይመራል? እዚህ ይበቅል ይሆን?

ነሐሴ 9፣ ቦሂን፣ የማርያም ቀን

ያደርንበት ቤት እመቤት ማታ ላይ ነው ጾሙን የሰሙት። ሲሰሙ "ነገ እኮ የማርያም ትልቁ በዓል ነው!" አሉ። እውነትም ካቶሊኮቹ እርገቷን ኦገስት 15 ነው የሚያከብሩት፣ ለኛ ነሐሴ 9 ማለት ነው፣ ስሎቬኒያ ውስጥ ስራ ዝግ ነው። የኛ ገና ሳምንት ይቀረዋል። እሳቸው ይፈስካሉ፣ ሲስተር ትጾማለች፣ ግን የአንዷ እናት በዓል ስለሆነ ጠዋት አብረን ቤተክርስቲያን ሄድን። እማማ ከጓሮአቸው ያሰሩትን የአበባና የቅጠል እቅፍ ይዘዋል፣ ቄሱ ይባርኩታል፣ ከዛ ቤት ይሰቀላል። ግማሹን ለሲስተር ሰጧት። መዝሙሩን ባናውቀውም ቆምን፣ ሲያልቅ በር ላይ የመንደሩ ሰው አንድ በአንድ እየመጣ ጨበጠን።

ምሳውን እማማ ለሲስተር ብለው ለብቻ ሰሩ፣ ከጥቁር ስንዴ የሚሰራ ገንፎ መሳይ ነገር አለ፣ ዘወትር የአሳማ ስብ ነው የሚፈስበት፣ እሳቸው በዘይትና በሽንኩርት አደረጉላት፣ ከገብስና ባቄላ ሾርባ ጋር። "አያቴ በዋዜማው እንዲህ ነበር የምትበላው፣ እኔ ትቼው ነው" አሉ። ድስቱ ተጠርጎ ተበላ።

ከሰዓት ሐይቁ ውስጥ ዋኘን። ቦሂን ከብሌድ ይበልጣል፣ ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ዙሪያውን ተራራ ነው፣ ከጀርባ ትሪግላቭ አለ 2,864 ሜትር፣ ባንዲራቸው ላይ ያለው ተራራ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው ግን ጥርት ብሎ እግርህ ስር ያለው ዓሣ ይታይሃል። ብሌድ ሄዶ ቦሂንን ሳያይ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል።

ነሐሴ 10፣ ቦሂን – ጎሪዚያ

ይሄ የባቡር መስመር ብቻውን ጉዞ ነው። ኦስትሪያ ሃንጋሪ ወደ ትሪየስቴ ወደብ ለመውረድ የሰራችው፣ በ1906 ተመርቆ የተከፈተ። ከቦሂንስካ ቢስትሪትሳ እንደተነሳ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ዋሻ ተራራውን በስቶ ይወጣና ወደ ሶቻ ወንዝ ይወርዳል። የወንዙ ቀለም ሰው ቀለም የጨመረበት ነው የሚመስለው፣ እንደዛ ዓይነት አረንጓዴ አይቼ አላውቅም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ጣልያንና ኦስትሪያ እዚህ ወንዝ ላይ 12 ጊዜ ተዋግተዋል። ትኬት ተቆጣጣሪው ፓሳችንን አይቶ ሄዶ ተመልሶ መጣና "አሁን ተነሱ፣ መስኮት ያዙ" አለን፣ ሶልካን ድልድይ ላይ ነን፣ አንዱ ቅስት 85 ሜትር ነው፣ ከድንጋይ ከተሰሩ የባቡር ድልድዮች በዓለም ትልቁ። ሳይጠየቅ ነው የነገረን።

ኖቫ ጎሪትሳ ጣቢያ ወርደህ በር ስትወጣ አደባባይ አለ፣ የአደባባዩ ግማሽ ስሎቬኒያ ግማሹ ጣልያን ነው። መሬቱ ላይ ክብ ብረት አለ ድንበሩን የሚያሳይ፣ እስከ 2004 እዚህ አጥር ነበር። ሁለቱ ከተሞች፣ የስሎቬኒያዋ ኖቫ ጎሪትሳና የጣልያኗ ጎሪዚያ፣ በ2025 አንድ ላይ የአውሮፓ የባህል መዲና ነበሩ። ድንበሩን ያሰመረው በ1947 ፓሪስ ላይ ከጣልያን ጋር የተፈረመው የሰላም ውል ነው፣ ጎሪዚያን ለጣልያን ትቶ ጣቢያውን ወደ ዩጎዝላቪያ ወሰደው፣ ሰዎቹም ከጣቢያው ማዶ አዲስ ከተማ ገነቡ። አሁን ልብ በሉ፣ ያው ውል ነው ጣልያን የኢትዮጵያን ነጻነት እንድትቀበልና የዘረፈችውን ቅርስ እንድትመልስ ያስገደደው። የአክሱም ሐውልት በዛ ውል መሰረት መመለስ ነበረበት፣ የተመለሰው ግን 2005 ነው። እኔ ይሄን ሳወራ አጠገባችን ከብስክሌቷ የወረደች ልጅ እየሰማች ነበር፣ ምን እንደምንል ጠየቀች፣ ነገርኳት። እዚሁ ተወልዳ እንዳደገችና ስለ አጥሩ ከናቷ ብዙ እንደሰማች፣ ውሉ ውስጥ ኢትዮጵያ እንዳለች ግን ማንም እንዳልነገራት አለችኝ። ብስክሌቷን እየገፋች በጎሪዚያ በኩል እስከ ጣልያኑ ባቡር ጣቢያ አብራን በእግር ሄደች፣ መንገዱ ቅርብ አይደለም።

ነሐሴ 11፣ ትሪየስቴ

ትሪየስቴ የቡና ከተማ ናት። ከ1719 ጀምሮ ነጻ ወደብ ስለሆነች የአውሮፓ ቡና በሷ በኩል ሲገባ ኖሯል፣ ኢሊ የሚባለው የቡና ድርጅትም በ1933 የተመሰረተው እዚህ ነው። ቡና ስታዝም የራሳቸው አጠራር አላቸው፣ ኤስፕሬሶ "ኔሮ" ነው፣ ማኪያቶ "ካፖ" ነው፣ በብርጭቆ ከፈለግክ "ካፖ ኢን ቢ"። ሲስተር ኔሮ አዘዘች። ቀጂው ከየት ናችሁ አለን፣ ኢትዮጵያ ስንለው ማሽኑን ትቶ መጣ። ሲዳማ፣ ሐረር፣ ሊሙ፣ ይርጋጨፌ እያለ በጣቱ ቆጠረልን፣ እያሸተተ እንደሚያስረዳ ሰው። ሐረር ላይ ብሉቤሪ ይሸተኛል አለ። እኛ አገር ቡና ሦስት ጊዜ እንደሚጠጣ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ተቆልቶ ጭሱ ለሰው ሁሉ እንደሚዞር ነገርነው። ሁለተኛና ሦስተኛውን ኔሮ ሂሳብ አልቀበልም አለ።

ከሰዓት በባርኮላ ዳርቻ ወደ ሚራማሬ ቤተ መንግስት በእግር ሄድን። የከተማው ሰው አሸዋ የለው፣ እዛው የመንገዱ ዳር ሲሚንቶ ላይ ፎጣውን ዘርግቶ ጸሐይ ይሞቃል። ሚራማሬን ያሰራው የኦስትሪያው ልዑል ማክሲሚሊያን ነው፣ በኋላ ሜክሲኮ ሄዶ ነግሶ በ1867 የተረሸነው። እኔ ማየት የፈለግኩት ግን ሌላ ክፍል ነው። በ1930ዎቹ እዚህ የኖረው የአኦስታው ዱክ አመዴኦ ነው፣ በ1937 የጣልያን ምስራቅ አፍሪካ እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ የገባው፣ በ1941 አምባላጌ ላይ እጁን ሰጥቶ በዓመቱ ናይሮቢ በእስር የሞተው። የኖረባቸው ክፍሎች እንዳሉ ናቸው። መስኮቱ ላይ ቆመን ባህሩን አየን፣ ይሄን ትቶ ነው እኛ ጋ የመጣው ብዬ አሰብኩ፣ ንዴትም ሌላም ነገር ተሰማኝ።

ስንመለስ ሲሚንቶው ላይ አረፍ ብለን እያለ አጠገባችን የነበሩ አረጋዊ ሐብሐብ እየቆረጡ ለልጅ ልጃቸው ሰጡና ለኛም ዘረጉልን። ልጅቷ እንግሊዝኛ ታስተረጉማለች። ከየት እንደሆንን ሲሰሙ ቢላዋውን አስቀመጡ። አባታቸው አምባላጌ ነበሩ፣ ተማርከው ኬንያ ታስረው ጦርነቱ ሲያልቅ ነው የተመለሱት፣ እሳቸው የተወለዱት ከዛ በኋላ ነው። አባትየው ስለዛ አንድም ቀን አላወሩም። "ቦታው ምን ይመስላል?" አሉን። ማሙሽ ስልኩ ላይ የአምባላጌን ፎቶ ፈልጎ አሳያቸው። ስልኩን ተቀብለው በጣታቸው ትልቅ እያደረጉ ረጅም ጊዜ አዩት፣ ተራራውን፣ ጉሙን፣ መንገዱን። ከዛ ራሳቸውን ነቅንቀው "እዛ ምን ሊሰራ ሄደ?" አሉ። ሲስተር የሷ አያት በዛው ዘመን ሸዋ ውስጥ አርበኛ እንደነበሩ ነገረቻቸው። ልጅቷ ስታስተረጉምላቸው ብድግ ብለው ቆመው በሁለት እጃቸው ጨበጧት፣ ሲስተርም ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ሳመች። ሐብሐቡን ጨረስነው፣ ጸሐይዋ እስክትገባ ድረስ ስለ ሌላ ሌላ ነገር ስናወራ ቆየን፣ ልጅቷም በአማርኛ እስከ አስር መቁጠር ተማረች።

ነሐሴ 12፣ ወደየቤታችን

ሲስተር ጠዋት በአውሮፕላን ሄደች፣ እኔና ማሙሽ በባቡር ቬኒስ አካባቢ ቀይረን ሙኒክ ገባን፣ እሱ ደግሞ በዛው ማታ ወደ ፍራንክፈርት። ስለዚህ ቀን የሚጻፍ የለም፣ አብዛኛውን ተኝተን ነው ያሳለፍነው።

ሲስተር ፍልሰታን በሰላም ፈታ በነጋታው ስቶክሆልም ካለ ሐበሻ ሱቅ ጌሾ ገዝታ፣ እንጨቱንም ቅጠሉንም፣ ለቦሂኑ አባባ በፖስታ ልካለች። እኔ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ፣ ጌሾው መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ በጀርመንኛ ጻፍኩላቸው፣ ማሙሽ ጎጃም ደውሎ አጎቱን እያጣራ። እሳቸውም መልስ ጽፈዋል፣ ከሊንደኑ ማር ይሻላል ወይስ ከጫካው ብለው። አጎትየው ከሊንደኑ ብለዋል።